አሥራ ስድስት ሐምሌ በእንግሊዝ ባላገር ጭፈራ

ባለፈው ሐምሌ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ወሩን ሙሉ ቤቴ ተቀምጬ አሳለፍኩ። ያስቀመጠኝ ጉልበቴ ነው። ሐኪሙ ራጁን አይቶ «ከእንግዲህ መሽከርከር የለም» አለኝ፤ መሽከርከር ደግሞ ሥራዬ ነበር። ባለቤቴ ግርማ ጡረታ የወጣሁ ዕለት ኬክ ይዞ መጣና «እንኳን ከሰልፍ ገላገለሽ» አለኝ። ሥራዬን ሰልፍ ነው የሚለው። አንድ ቀን ሊያየኝ መጥቶ ሃያ ጥንድ ፈረንጅ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተፋጥጦ ሲቆም ቢመለከት «ምን ሊታደላቸው ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው ነው።

«ምን ነበር የምትሠሪው?» ለሚለኝ ሰው ምን እንደምመልስ እስካሁን አላውቅም። የእንግሊዝ ባላገር ጭፈራ አስተማሪ ነበርኩ ስል መጀመሪያ ይስቃሉ፤ የምሬን መሆኑን ሲያውቁ ደግሞ ያዝኑልኛል። «የራሳችን ባላገር ጠፍቶሽ ነው የእንግሊዝ ፍለጋ የሄድሽው?» ያሉኝም አሉ። እውነታቸውን ነው። አዲስ አበባ የስፖርት አስተማሪ ነበርኩ። ካልጋሪ መጥቼ መጋዘን ሠራሁ፣ አዳራሽ ጠረግኩ፣ ከዚያ አሥራ ስድስት ሰመር ሙሉ፣ እንግሊዝን አይቼ ሳላውቅ፣ እንግሊዝን አይተው ለማያውቁ ካናዳውያን የእንግሊዝን ጭፈራ አስተማርኩ። እንዴት እዚህ ውስጥ እንደገባሁ ለመጻፍ እስክሪብቶ ባነሳሁ ቁጥር እትዬ አስካለ ፊቴ ድቅን ይላሉ። በሥራ ዘመኔ የበደልኩት ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው። የበደልኳቸው ደግሞ ሕግ አክብሬ ነው፤ ግራ የሚያጋባኝም ይኸው ነው።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ካልጋሪ የገባ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው እኔም ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል የሚባለው የመጋዘን ሰፈር ሄጄ አራት ዓመት ካርቶን አሸግኩ። ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሱፐርቫይዘሩ ከኋላችን ቆሞ ሰዓቱን ያያል፣ እኛ እሱን ሳናይ እናሽጋለን። ወገቤ ሲለግምብኝ አንድ የሰፈር አዳራሽ ውስጥ በጽዳት ተቀጠርኩ። ክፍያው ያነሰ፣ ጸጥታው የበዛ ሥራ ነበር።

ማክሰኞ ማክሰኞ አዳራሹን የሚከራዩት እነዚህ የእንግሊዝ ጭፈራ ሰዎች ነበሩ። አስተማሪያቸው ማርጋሬት ትባላለች፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ስልሳ ሊሞላት ትንሽ የቀራት ሴት ነበረች። ሰዎቿ ከመምጣታቸው አንድ ሰዓት ቀድማ ትደርስና ጫማዋን አውልቃ በካልሲ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር ትዞረዋለች። ጽዳቴን የምትመረምር መስሎኝ ሁለት ወር ሙሉ አኮረፍኳት። በመጨረሻ አላስችል ሲለኝ «ምን ጎደለው?» አልኳት።

«ምንም አልጎደለው። የት እንደሚያንሸራትት፣ የት እንደሚይዝ እያየሁ ነው፤ ሰዎቼ ሽማግሌዎች ናቸው» አለችኝ። በመስኮቱ በኩል ሰም አብዝቼ እንደነበር የነገረችኝ ያን ቀን ነው። እውነቷን ነበር፤ ማኩረፌን እዚያው ተውኩት።

አንድ ማክሰኞ ሰው ጎደላቸው። ጥንድ ካልሞላ ይህ ጭፈራ አይሆንም። ማርጋሬት መወልወያ ይዤ ወደቆምኩበት መጣችና «ትገቢልን ነበር?» አለችኝ። ልቤ ዘለለ። ግን እንዴት ወዲያው እሺ ይባላል? «አይ፣ እኔ ምን አውቄ፤ ሥራም ላይ ነኝ» አልኩ፣ እንዳደግኩት። እሷም «እሺ፣ ችግር የለም» ብላ ዞራ ሄደች። ተመልሳ ትለምነኛለች ብዬ ብጠብቅ፣ የለችም። ሳምንቱን በንዴት ሰነበትኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። በሚቀጥለው ማክሰኞ ገና አፏን ስትከፍት «እሺ» አልኩና መወልወያውን ግድግዳ አስደግፌ ገባሁ።

የገባሁበት ነገር ምን እንደሆነ ለመረዳት ዓመት ፈጀብኝ። ጥንዶቹ ሁለት ረድፍ ሠርተው ይቆማሉ። አንደኛው ጥንድ «አንድ»፣ ቀጥሎ ያለው «ሁለት» ይባላል። ዜማው አንድ ዙር ባለቀ ቁጥር አንዶቹ ወደ ታች፣ ሁለቶቹ ወደ ላይ አንድ ቦታ ይሸጋሸጋሉ፤ ስለዚህ በየዙሩ የሚያገኙት ጥንድ አዲስ ነው። ጫፍ የደረሰ ጥንድ አንድ ዙር ቆሞ ያርፋል፤ ሲመለስ ቁጥሩ ይቀየራል፣ አንድ የነበረው ሁለት ይሆናል። እኔ ጫፍ በደረስኩ ቁጥር ማን እንደሆንኩ ይጠፋኝ ነበር። ትከሻ አይነቀነቅም፣ እልልታ የለም። ይራመዳሉ፣ እጅ ይይዛሉ፣ ይዞራሉ፣ ይለቃሉ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አብሮ የሚጨፍረውን ሰው ዓይን ዓይኑን ማየት ግዴታ መሆኑ ነው። ታላቅን ትክ ብሎ ማየት ነውር ነው ተብዬ አድጌ፣ የማላውቀውን ሽማግሌ እንደዚያ እያየሁ ስዞር ፊቴ እስከ ጆሮዬ ይግል ነበር። አንገቴን ደፍቼ ከዞርኩ ግን ያጥወለውለኛል። ዓይን ለዓይን የሚተያዩት እንዳይዞርባቸው መሆኑን ማርጋሬት እስክትነግረኝ ድረስ ብዙ ነገር ጠርጥሬ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ከጎኗ አቆመችኝና ጭፈራውን መጥራት አስተማረችኝ። የሚጠራው ሰው ፊት ቆሞ ቀጥሎ የሚመጣውን እንቅስቃሴ ይናገራል። ቃሉ ከምቱ አንድ ትንፋሽ መቅደም አለበት፤ ከምቱ ጋር እኩል ከደረሰ ዘግይቷል ማለት ነው። ምቱን ለመጠበቅ ማርጋሬት ሁልጊዜ በአውራ ጣቷ ጭኗን ትመታ ነበር፣ እራት ላይ እንኳ። ያለ ሙዚቃ ሁለት ጊዜ ታስኬዳቸዋለች፣ ሦስተኛ ግን የለም፤ «ሦስተኛው ሰውን ያደነዝዛል» ትላለች። ሙዚቃው ሲጀምር ሙሉውን ትናገራለች፣ በሁለተኛው ዙር «ቀኝ እጅ» ብቻ፣ ከዚያ አንዲት ቃል፣ ከዚያ ዝም። «ሥራዬ የሚያልቀው ዝም ስል ነው» አለችኝ። «ተሳሳታችሁ» ስትል ሰምቼ አላውቅም፤ ሰው ሲጋጭ «እኔ በደንብ አልተናገርኩም» ብላ እንደገና ትጀምራለች። እኔ የስፖርት አስተማሪዋ የመጀመሪያ ቀን ፊሽካ አንጠልጥዬ ሄጄ ነበር። ቀስ ብላ ከአንገቴ አወለቀችና ኪሷ ከተተችው፤ እስከ ዛሬም አልመለሰችልኝም።

አንድ ነገር ግን እኔም አስተምሬያታለሁ። ሦስት ሰዎች እርስ በርስ እየተላለፉ የሚሄዱበት አንድ እንቅስቃሴ አለ፤ ጀማሪዎች እዚያ ሲደርሱ እንደ ገበያ ይተራመሳሉ። አንድ ጠዋት ሦስት ቀለም ክር ወንበር ላይ አስሬ ሹሩባ ሠራሁላቸው። «ከዳር ያለው ወደ መሃል ይገባል፣ መሃል የነበረው ወደ ዳር ይወጣል፤ እዩ፣ አንዱም ከአንዱ አይጋጭም» አልኩ። በሁለተኛው ሙከራ ተሳካላቸው። ማርጋሬት ከኋላ ቆማ እያየች ነበር። ከዚያ ወዲህ ሦስቱን ክር ይዛ ነው የምታስተምረው። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ መጋዘን ውስጥ አራት ዓመት ሙሉ አላገኘሁትም።

በየሐምሌው ደግሞ አንድ ሳምንት ካምፕ አለ፤ ከከተማው በስተምዕራብ፣ ጥድ መሃል። ጠዋት የጭፈራ ክፍል ነው፣ ከሰዓት የሙዚቃ፤ ቫዮሊን፣ ዋሽንት፣ ፒያኖ። አንዷን ዜማ ሳምንቱን ሙሉ ከየዛፉ ሥር ሲደጋግሟት ቤቴ ገብቼም ጆሮዬን አትለቀኝም ነበር። ማርጋሬት ነባሮቹን፣ እኔ ጀማሪዎቹን ያዝን።

የካምፑ አዳራሽ በር ላይ ማርጋሬት በእጇ የጻፈችው ሕግ ተለጥፏል። ማንም ማንንም ለጭፈራ መጠየቅ ይችላል፤ እምቢ የተባለ ሰው ግን ምክንያት አይጠይቅም፣ ያንኑ ሰው ዳግመኛም አይጠይቅም። ያለ ምክንያት የተጻፈ አይደለም። እኔ ከመምጣቴ በፊት አንድ ሰውዬ አንዲትን ወጣት ሴት እምቢ እያለችው ደጋግሞ ሲለምናት፣ ልጅቷ በአራተኛው ቀን ዕቃዋን ጠቅልላ ሄደች። ማርጋሬት ያንን አልረሳችም። ሕጉን በመጀመሪያው ጠዋት ለጀማሪዎች የማነበው እኔ ነበርኩ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን አንደበቴን ያዝ አላደረገኝም።

እትዬ አስካለን ወደዚህ ያመጣቻቸው ልጃቸው ሜሮን ናት። እሷ ሬድስቶን የሚባል ሰፈር የምትኖር ነርስ ናት፤ እሳቸው ከባለቤታቸው ጋር ይኖሩበት በነበረው፣ ማርቲንዴል ሰፈር ባለው ቤት ብቻቸውን ቀርተዋል። ባለቤታቸው ካረፉ ዓመት አልፎ፣ ጥቁሩን ካወለቁ ወር ሆኗቸው ነበር። አሥራ አምስተኛው ሐምሌዬ ሲቃረብ ሜሮን ደወለችልኝ።

«እትዬ ሰናይት፣ ፕሊስ ይርዱኝ። እማዬ ከቸርች በቀር ከቤት አትወጣም። ላይክ፣ ግሮሰሪ እንኳን እኔ ነኝ የምገዛላት። ሺፍት ላይ ሆኜ ሁሌ እሷን ነው የማስበው። አይም ሪሊ ስኬርድ።»

«ለእኔ ተዪው» አልኳት። «ካምፑ ላኪያቸው፤ ሳምንቱ ሳያልቅ ከሰው አቀላቅዬ፣ አስጨፍሬ እመልስልሻለሁ።»

ቃል ገባሁ ማለት ነው።

በመጀመሪያው ጠዋት ሕጉን አንብቤ ሰው ጥንድ ጥንዱን መፈለግ ጀመረ። ሮበርት የሚባል፣ ጡረታ የወጣ የባቡር ነጂ፣ የካምፑ ጨዋ ሰው ነበር። እትዬ አስካለ ፊት ቆሞ ዝቅ ብሎ እጁን ዘረጋላቸው። እሳቸው ሻርፓቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው ፈገግ አሉና «ኖ፣ ታንክ ዩ» አሉ። ሮበርትም አመስግኖ ወደ ሌላ ሴት ሄደ። ከፊት ሆኜ አየሁ። በማግስቱ እኔ ራሴ ሄድኩ።

«እትዬ አስካለ፣ ዛሬ ይገባሉ?»

«ኧረ ተዪኝ ልጄ፣ እናንተ ተጫወቱ። እኔ እዚሁ ይበቃኛል።»

«እሺ፣ እንደወደዱ» አልኩና ተመለስኩ።

እንደወደዱ! መወልወያ ይዤ ቆሜ ሳምንት ሙሉ የበገንኩት ሴትዮ፣ ከአፌ የወጣው ይህ ነው። እንዲያውም ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር፤ ሐዘንተኛ አይገፋም አልኩ ለራሴ። የካምፑ ሰው ደግሞ ደግ ነው። ማየት እንደሚመርጡ ሲሰማ አንዱ የተሻለ ወንበር አመጣላቸው፣ አንዷ ትራስ፣ አንዷ ሻይ። ከቫዮሊኑ አጠገብ ጥሩ ቦታ ሰጧቸው። በዚያ ሁሉ ደግነት መሃል የሚጠይቃቸው ሰው ጠፋ። እሳቸው በየጠዋቱ ከሁሉ ቀድመው ይመጣሉ። በአምስተኛው ቀን ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ የምጠራውን ከእኔ ቀድመው ይሉት ነበር። ጭፈራውን አንድም ሳይቀር ያውቁታል። «እያዩ ተማሩት እኮ» ብዬ ለማርጋሬት በኩራት ነገርኳት።

በመጨረሻው ቀን ሜሮን ልትወስዳቸው መጣች። ሻንጣቸውን ከጠዋት ጀምረው በር ላይ አስቀምጠዋል።

«እማዬ! ዳንስ አደረግሽ?»

«ማን ጠይቆኝ» አሉ።

ሜሮን ወደ እኔ ዞረች። «ዌይት፣ ማንም አልጠየቃትም? ዘ ሆል ዊክ?»

«ኧረ ጠይቀናቸዋል!» አልኩ ደንግጬ። «ሮበርትም ጠይቋቸዋል፣ እኔም...»

«አንዴማ ለወጉ ይጠየቃል» አሉ እትዬ አስካለ፣ ወደ መኪናው እየሄዱ።

«እማዬ፣ ኖ ካልሽ ኖ ነው እኮ! እንዴት ይወቁ?» አለች ሜሮን። እዚህ ያደገች ልጅ ናት፣ አልፈርድባትም። እሳቸው የመኪናውን በር ከፍተው ገቡ። መኪናው ከጥዱ ጀርባ እስኪጠፋ ቆሜ ቀረሁ፤ ያፈርኩትን ያህል በሕይወቴ አፍሬ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ሜሮን ለአረጋውያን የሚዘጋጅ ጉዞም ሆነ ምሳ ላይ ልትወስዳቸው ብትሞክር «ሄጄ ያየሁት ይበቃኛል» የሚል ሆነ መልሳቸው። በራቸውን የባሰ የዘጋሁት እኔ ነኝ።

ለማርጋሬት ሁሉንም ነገርኳት። ግንባሯን ቋጥራ ሰማችኝ።

«ታዲያ እውነተኛው እምቢ የቱ ነው?»

«ሦስተኛው። አንዳንዴ አራተኛው።»

«በምን ይታወቃል?»

«ያስታውቃል።»

«በምን?»

ከልባችን ስንለምን «በሞቴ» እንላለን፣ «አፈር ስሆን» እንላለን አልኳት። ትርጉሙን ስነግራት ደነገጠች። «ለአንድ ጭፈራ ሞቱን ይጠራል?» አለችኝ። ለአንድ ጉርሻም እንጠራለን አልኳት። «ያቺ ዕቃዋን ጠቅልላ የሄደችው ልጅም እኮ ሦስቴ እምቢ ብላ ነበር» አለች።

በሚቀጥለው ሐምሌ ሁሉንም ሰው ሁለት ሁለቴ መጠየቅ ጀመርኩ። በሁለተኛው ቀን አንዲት ሴት «እምቢ ብዬሽ ነበር» አለችኝ፣ በትሕትና፣ ግን ፊቷ ቀልቶ። ማርጋሬት ሰምታለች። ምንም ሳትለኝ በሩ ላይ ያለውን ወረቀት ብቻ አየት አድርጋ ወደ ክፍሏ ገባች። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም የሚሉት ለእንደኔ ዓይነቱ ነው። ከዚያ በኋላ መጠየቁን ራሱ ፈራሁት። ማርጋሬት በዚያው ዓመት ልጇ ዘንድ ልትኖር ቫንኩቨር ሄደች፤ እኔም ጉልበቴ እስኪከዳኝ ክፍሌን ይዤ ቆየሁ።

ባለፈው ሐምሌ ቤት መቀመጡ ሲከብደኝ ማርቲንዴል እትዬ አስካለ ዘንድ ሄድኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሳያቸው ከሩቅ እጅ ነስቼ እያለፍኩ ነበር። ተቀምጬ ሳልጨርስ ምሳ አቀረቡ። በልቼ ነው የመጣሁት ብላቸው የሚሰሙኝ አይደሉም፤ አራተኛ ጊዜ ሲሉኝ ሳህኑን ተቀበልኩ። አንድ ሁለቴ ጎርሼ ግን ሳህኑን አስቀመጥኩ።

«እትዬ አስካለ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«በምኑ?»

«በካምፑ። አንዴ ጠይቄ እንደወደዱ ብዬዎት ስለሄድኩ።»

«ፈረንጁን አልተቀየምኩትም፣ ምን ያውቃል። ያመመኝ ያንቺ ነው» አሉ። «የሜሮን አባት ካረፈ ወዲህ እጄን የያዘኝ ሰው የለም። ሜሮን ስማኝ ትሮጣለች፣ ሥራ አለባት። እዚያ ያ ሁሉ ሰው እጅ ለእጅ እየተያያዘ ሲዞር አያለሁ። ነገ ትመጣለች፣ ነገ ትመጣለች እያልኩ ስጠብቅሽ ሳምንቱ አለቀ።»

ተነሳሁ። ስልኬ ላይ ያቺ ሳምንቱን ሙሉ የሚደጋግሟት ዜማ አለች፤ ከፈትኳትና እጄን ዘረጋሁ።

«ከእኔ ጋር ይጨፍራሉ?»

«ኧረ ተይ፣ በዚህ ጉልበትሽ!» ብለው ሳቁ።

«በሞቴ።»

«ተይ እንጂ፣ ሰው ይስቅብናል።» ቤቱ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ሰው አልነበረም።

«አፈር ስሆን፣ እትዬ አስካለ።»

ሳቃቸውን አቆሙ። «የለም፣ ሰናይት። አሁንስ የእውነቴን ነው። ያን ጊዜ ልቤ ተነስቶ ነበር፤ አሁን ተቀምጧል።»

እውነተኛው እምቢ መሆኑን ወዲያው አወቅኩት። በምን እንዳወቅኩት ማርጋሬት ዛሬም ብትጠይቀኝ መልስ የለኝም። ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። የቀረውን ምግብ በላሁ። ሳህኑን ላነሳ ስል ግን አላስችለኝ አለ።

«ያን ጊዜ ስንት ጊዜ ብጠይቅዎት ነበር እሺ የሚሉኝ?» አልኳቸው።

«ሁለቴ ይበቃኝ ነበር» አሉ።